ፎርማት ከተደረገ በኋላ፦ ፋይል ሂስትሪ የፈለግነውን ብቻ ለቅሞ ይመልሳል ወይ?

ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣ፣ ግን አብዛኛው ሰው አንድም ቀን ከፍቶ የማያየው መሣሪያ አለ። ፋይል ሂስትሪ ይባላል፤ ፋይሎቻችንን በየጊዜው እየገለበጠ በሌላ ዲስክ ላይ መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) የሚያስቀምጥ ነው። ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ 2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ያወጣው ነው፤ በ10ም በ11ም ውስጥ አለ። ክፍያ የለውም። ኢንተርኔት አይፈልግም። የሚጠይቀው አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው። ስለ ባክአፕ ሲወራ ሁሉም የሚያወራው ስለ ማስቀመጡ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ማውጣቱ ነው፤ ሰሞኑን የምሠራበት ላፕቶፕ ተጠርጎ ስለተጫነ ማውጣቱን በደንብ አይቼዋለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ኮምፒውተሩን ከነፕሮግራሙ፣ ከነሴቲንጉ እንደነበረ መመለስ ለሚፈልግ ሰው ይህ መሣሪያ አይሆንም። «ያንን ፋይል፣ ያውም ረቡዕ ጠዋት የነበረውን» ለሚል ሰው ግን ከዚህ የተሻለ በነጻ የሚገኝ አላየሁም።

የምሠራው አራት ኪሎ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጣ ሲሉ ከሚገኙት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዷ የኔ ናት። መመረቂያ ጽሑፍ እንተይባለን፣ ማርጂን እናስተካክላለን፣ ማውጫ እንሠራለን፣ እንጠርዛለን። አልፎ አልፎ መጽሐፍ ሊያሳትሙ ያሰቡ አባቶች በእጅ የጻፉትን ደብተር ይዘው ይመጣሉ። የተማሪው ሥራ በራሱ ፍላሽ ላይ አለ ተብሎ ይታሰባል። ፍላሹ ታክሲ ውስጥ የወደቀ ቀን ግን የሚመጣው እኔ ጋ ነው። «እትዬ፣ አንቺ ጋ አይጠፋም ብዬ ነው» ይላል። ምን ይባላል እንግዲህ።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማለት ነው። የኔ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11ን ይችላል። ፕሮሰሰሩ 8ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ነው፣ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕም አለው። እዚያው በላዩ ላይ አፕግሬድ ማድረግ ይቻል ነበር። ግን ስንት ዓመት የተጠራቀመበት ግሳንግስ ስላስመረረኝ ተጠርጎ በአዲስ ይጫን አልኩ።

የጫነልኝ ልጅ ቀድሞ ካዛንቺስ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ስታዲየም አካባቢ መጣ። እጁ ፈጣን ነው። «እናት፣ ዲ ላይ ያለውን አልነካብሽም፣ ሲን ብቻ ነው የማጸዳው» አለኝ። ይህን ቃል የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ማንም ኮምፒውተር ሲገዛ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር «ዕቃህን ዲ ላይ አድርግ፣ ፎርማት ሲደረግ አይነካም» የሚል ነው። ላፕቶፑ ሲመለስ ዊንዶውስ 11 ተጭኗል፣ ያብረቀርቃል፣ ፈጣን ነው። ዲ ግን የለም። ሲ ብቻውን ዲስኩን በሙሉ ይዞ ተንሰራፍቷል። ልጁ ስልክ ላይ ሳል ሳል እያለ «ፓርቲሽኖቹን ሁሉንም ዲሊት አድርጌያቸው ነው መሰለኝ፤ ግን ሪከቨር እናደርገዋለን፣ አታስቢ» አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ሲ እና ዲ ሁለት ዲስክ አይደሉም፤ የአንድ ዲስክ ክፍሎች (ፓርቲሽኖች) ናቸው። አንድ ቤት በቺፑድ ለሁለት ሲከፈል ማለት ነው፤ ጣሪያው ከፈሰሰ ሁለቱም ይረጥባሉ። ዲስኩ ራሱ ከተበላሸ፣ ላፕቶፑ ከተሰረቀ፣ ወይ የሚጭነው ሰው እጁ ከቀደመው ዲ አያድንም። ሁለተኛ፣ ሪከቨሪ የሚሉት ነገር በድሮው በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ተስፋ ነበረው። በአዲሱ ዓይነት፣ በማይሽከረከረው ኤስኤስዲ ላይ ግን ዊንዶውስ ፎርማት ሲያደርግ ትሪም የሚባል ትእዛዝ ይልካል። ዲስኩም ቦታው ባዶ መሆኑን አውቆ ውስጥ ያለውን ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ የሪከቨሪ ሶፍትዌር ቢፈልግ የሚያገኘው ዜሮ ነው። ስለዚህ «እናደርገዋለን» ቢላችሁ ብዙ አትጠብቁ።

ያዳነኝ ነገር የዲ ፎልደሮቼ በፋይል ሂስትሪ ውስጥ መግባታቸው ነው። ይህ በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ማውጣቱ። ኤክስተርናሉን ሰካሁ። ዊንዶውስ 11 ሴቲንግ ውስጥ ብትዞሩ አታገኙትም፤ ከታች መፈለጊያው ላይ ኮንትሮል ፓነል ብሎ መግባት፣ ከዚያ ፋይል ሂስትሪ። አዲሱ ዊንዶውስ ስለ ድሮው ምንም አያውቅም፤ ጠፍቶ ነው የሚጠብቃችሁ። «ሴሌክት ድራይቭ» የሚለውን ስትጫኑ ዲስኩን ያሳያል። ከሥሩ ደግሞ በዚህ ዲስክ ላይ የነበረ የቀድሞ ባክአፕ ልጠቀም የሚል ምርጫ ይመጣል። እሱን ምልክት አድርጉ። የድሮው ኮምፒውተር ስም ይመጣል፣ እሱን ትመርጣላችሁ። በቃ፣ የድሮውና የአዲሱ ተገናኙ።

ከዚያ በግራ በኩል «ሪስቶር ፐርሰናል ፋይልስ» የሚል አለ። ከፍታችሁ ስትገቡ ያን ጊዜ የነበሩት ፎልደሮች እንዳሉ ተደርድረዋል። ከታች መሐል ላይ አረንጓዴ ክብ ቁልፍ አለ፣ በግራና በቀኙ ቀስቶች አሉ። ቀስቱን ወደ ግራ በተጫናችሁ ቁጥር ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ ባለፈው ወር። የጠፋ ፋይል እየመጣ፣ ያለው እየጠፋ ሲሄድ ማየት ደስ ይላል። የመጀመሪያ ቀን ያለ ሥራ ወደፊት ወደ ኋላ ስል ነበር።

አረንጓዴውን ቁልፍ ግን አትቸኩሉበት። እሱ የመረጣችሁትን ነገር ወደ ነበረበት ቦታ ነው የሚመልሰው። የኔ የነበረበት ቦታ ዲ ነው፤ ዲ ደግሞ የለም። ተመሳሳይ ስም ያለው አዲስ ፋይል ካለም ይተካው ወይ ይለፈው ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ደክሟችሁ «ተካው» ካላችሁ የዛሬ ሥራችሁ ሄደ። የሚሻለው ፋይሉን መርጦ ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ሪስቶር ቱ» ማለት ነው። ያኔ ወዴት ላስቀምጥ ይላችኋል። እኔ ዴስክቶፕ ላይ «ከባክአፕ የወጣ» የሚል ፎልደር ከፈትኩና ሁሉንም መጀመሪያ እዚያ አወረድኩ። አይቼ፣ ከፍቼ፣ ከዚያ ነው ወደ ቦታው የማዘዋውረው።

ለምን ሁሉንም በአንዴ አልመለስኩም? የጽሕፈት ቤት ሰው መልሱን ያውቃል። ቀኑን ሙሉ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፍላሽ ይሰካል። ያ ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው፣ ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚተካው፣ አራት ኪሎ ላይ ቤተኛ ነው። ፋይል ሂስትሪ ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ይገለብጣል። ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይልም። ሁሉንም ብመልስ ኖሮ በአዲስ የተጫነውን ዊንዶውስ በመጀመሪያው ቀን አቆሽሸው ነበር። የዎርድ ፋይል፣ ፒዲኤፍ፣ ኤክሴል፣ ፎቶ፤ እነዚህን ብቻ ነው የለቀምኩት። መጀመሪያ በኤክስፕሎረር ውስጥ የፋይል ኤክስቴንሽን (ከስሙ መጨረሻ ያለው፣ የፋይሉን ዓይነት የሚናገረው) እንዲታይ አድርጉ፤ ካልሆነ የዎርድ ምልክት ለብሶ የተቀመጠ ሌላ ነገር ሊሸውዳችሁ ይችላል።

ሌላው ምክንያት የስም ነገር ነው። የተማሪ ፎልደር ስትከፍቱ «ፋይናል» አለ፣ «ፋይናል 2» አለ፣ «የመጨረሻ ፋይናል» አለ፣ «አድቫይዘር ያየው ፋይናል አዲሱ» አለ። ፋይል ሂስትሪ ስም ሲቀየር አዲስ ፋይል ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ስለዚህ አንዱ ጽሑፍ በአምስት ስም፣ እያንዳንዱ ስም ደግሞ በብዙ ቅጂ ተቀምጧል። ሁሉም ተመልሶ ቢመጣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማን ይለየዋል?

እንዲህ እንዲህ እያልኩ እያለሁ አንዲት የማስተርስ ተማሪ መጣች። ምዕራፍ 3ን አስተካክለንላት ነበር። «እትዬ፣ አድቫይዘሬ መጀመሪያ የነበረው ይሻላል አለኝ። የድሮው አለሽ ወይ?» አለች። እሷ ጋ ያለው አዲሱ ብቻ ነው፤ በድሮው ላይ ነው ሴቭ የተደረገው። እዚህ ላይ ነው መሣሪያው እንጀራውን የሚበላው።

በቀስት ከመዞር ይልቅ ሁለተኛውን መንገድ ተጠቀምኩ። ኤክስተርናሉን እንደማንኛውም ዲስክ በኤክስፕሎረር መክፈት ይቻላል። ፋይል ሂስትሪ የሚል ፎልደር አለ። ውስጡ የተጠቃሚው ስም፣ ከዚያ የኮምፒውተሩ ስም፣ ከዚያ ዳታ፣ ከዚያ ሲ ወይም ዲ፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው አቀማመጣችሁ ነው። ፋይሎቹ አልተጨመቁም፣ አልተቆለፉም። ተራ የዎርድ ፋይል ናቸው። ልዩነታቸው ከስማቸው ቀጥሎ ቀንና ሰዓት መለጠፉ ብቻ ነው። የተማሪዋን ስም ፈለግኩና እንዲህ ተደርድረው አገኘኋቸው፦

ምዕራፍ 3 (2025_12_10 07_22_10 ዩቲሲ)
ምዕራፍ 3 (2025_12_10 08_22_14 ዩቲሲ)
ምዕራፍ 3 (2025_12_10 11_22_31 ዩቲሲ)

ተማሪዋ አየችና «በሌሊት ነው እንዴ የሠራችሁት?» አለች። እውነቷን ነው፣ ግራ ያጋባል። ዩቲሲ ማለት የዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። እኛ ከሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ 07_22 በፈረንጅ አቆጣጠር እዚህ አገር ጠዋት 10፡22 ነው። በኛ አቆጣጠር ደግሞ ከረፋዱ 4፡22። ሁለት ጊዜ ከማስላት አቋራጩ ይሄ ነው፦ ከተጻፈው ላይ 3 ቀንሱ፣ የሐበሻ ሰዓት ይመጣላችኋል። 07 ሲሆን 4፣ 11 ሲሆን 8። ሲቀነስ ከ12 ካለፈ 12 ደግሞ ቀንሱ፤ 17 ቢሆን 14፣ ከዚያ ማታ 2 ሰዓት። ቀኑ ታኅሣሥ 1 ነው፣ ረቡዕ። የተለጠፈው ሰዓት ቅጂው የተወሰደበት እንጂ የመጨረሻ ፊደል የተመታበት አይደለም። ትክክለኛውን ለማወቅ «ዴት ሞዲፋይድ» የሚለውን ዓምድ ማየት ነው፤ እሱ በአገራችን ሰዓት ይታያል።

የ4፡22ቱን እና የ8፡22ቱን ወደ ዴስክቶፕ ገለበጥኩ። ዎርድ ውስጥ «ሪቪው» ላይ «ኮምፔር» የሚል አለ። ሁለቱን ሰጠሁት። የተጨመረው፣ የተሰረዘው በቀለም ወጣ። ተማሪዋ ከስክሪኑ ሳትነሳ «አዎ፣ ይቺ ናት፣ ሰንጠረዡ ያለባት» ብላ የ4፡22ቱን መረጠች። ፍላሽዋ ላይ ጫንኩላት። ከስሙ ላይ ያንን ረጅም ጭራ አጠፋሁት እንጂ ሌላ የሠራሁት ነገር የለም።

ፋይሎቹ ተራ ፋይል መሆናቸው ለኔ የዚህ መሣሪያ ትልቁ ነገር ነው። ዲስኩን ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩ ይነበባል። ሊኑክስም ማክም ያነቡታል። ፋይል ሂስትሪ የሚባለው ነገር ራሱ ነገ ከዊንዶውስ ቢወጣ ዕቃችሁ እዚያው ነው። ብዙዎቹ የባክአፕ ሶፍትዌሮች ሁሉን ነገር በራሳቸው ጥቅልል ውስጥ ያስገቡና መፍታት የሚችሉት እነሱ ብቻ ይሆናሉ።

ደካማ ጎኑን ደግሞ እንይ፣ አለበት።

በራሱ የሚገለብጠው ጥቂት ቦታዎችን ነው። ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ሚዩዚክ፣ ቪዲዮስ፣ ዴስክቶፕ፣ እንዲህ ያሉትን። ዲን አያየውም። ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግ ገብቶ «አድ ኤ ፎልደር» ማለት ይቻል ነበር። ዊንዶውስ 11 ላይ ይሄ ተነስቷል። አሁን ያለው መንገድ ላይብረሪ በሚባለው፣ የተለያየ ቦታ ያሉ ፎልደሮችን በአንድ ስም ሰብስቦ በሚያሳየው በኩል ነው። ኤክስፕሎረር ውስጥ ላይብረሪዎች እንዲታዩ ታደርጋላችሁ፣ ዶክመንትስ የሚለው ላይብረሪ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ፎልደር መጨመር። ያለው ነገር ለምን እንደተወሳሰበ አይገባኝም። ይሄ ያልተደረገለት ዲ ባክአፕ ውስጥ የለም። የብዙ ሰው ዕቃ ደግሞ ዲ ላይ ነው።

ፕሮግራም አይመልስም። ይሄ ይታወቃል። የማይታወቀው አፕዳታ የሚባለውን የተደበቀ ፎልደርም የማይነካ መሆኑ ነው። የዎርድ ቴምፕሌታችሁ እዚያ ነው ያለው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ስታይል፣ የርዕስ መጠኑ፣ የመስመር ርቀቱ፣ ሁሉም ኖርማል በሚባለው ቴምፕሌት ውስጥ ነበር፤ አልተመለሰም። እንደገና ሠራሁትና ኮፒውን ዶክመንትስ ውስጥ አስቀመጥኩ። የብራውዘር ቡክማርክም እንደዚሁ ነው።

ፎንት ደግሞ ለኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ፋይሉ በሰላም ወጥቶ ሲከፈት በእንግሊዝኛ ፊደልና በምልክት የተሞላ ገጽ ካያችሁ አትደንግጡ። ፋይሉ አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች አማርኛውን በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ከሌለ ዎርድ የሚያየው ከሥር ያለውን ነው። ፎንቱን መልሳችሁ ስትጭኑ ጽሑፉ ይመጣል። አባቶች ይዘውት የሚመጡት የድሮ ጽሑፍ አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ስለዚህ የፎንቶቹን መጫኛ ከባክአፑ አታርቁት። ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንትም አስታውሱ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አብሮ አይጫንም። ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብቶ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን መጨመር ያስፈልጋል። ካልጨመራችሁ ዊንዶውስ ኤብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ይተካዋል፣ ፊደሉ ይነበባል፣ ግን ስፋቱ ስለሚለይ 80 ገጽ የነበረው ሌላ ቁጥር ይሆናል፣ ማውጫው ይዛባል። ተማሪው ደግሞ ነገ ዲፌንስ አለው።

የስም ርዝመትም ያስቸግራል። ዊንዶውስ የፋይሉን ስም ከነሙሉ አድራሻው ሲቆጥር የለመደው ወሰን 260 ፊደል ነው። ፋይል ሂስትሪ ደግሞ በየስሙ ላይ ያንን 26 ፊደል የሚያህል ጭራ ይጨምራል። ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ ውስጡ ሌላ ፎልደር፣ ከዚያ የመመረቂያውን ሙሉ ርዕስ የፋይል ስም ያደረገ ሰው ፋይሉ ሳይገለበጥ ሊቀር ይችላል። አጭር ስም ስጡ።

ከሁሉም በላይ የማልወደው አለመቆለፉን ነው። ዲስኩን ያገኘ ሰው ሁሉንም ያነባል። የሰው መመረቂያ፣ የሰው መታወቂያ ስካን፣ የሰው ውል አለበት። ኤክስተርናል ዲስክን ቢትሎከር በሚባለው መቆለፍ ይቻላል፣ ግን መቆለፊያው ያለው ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ነው፤ ሆም ያለው የተቆለፈውን መክፈት እንጂ ራሱ መቆለፍ አይችልም። የኔ ዊንዶውስ ፕሮ ስላልሆነ መሳቢያ ውስጥ በቁልፍ ነው የማስቀምጠው። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፦ ቀኑን ሙሉ የተሰካ ዲስክ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይያዛል፣ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስም አብሮ ይመታል። አሁን ምሳ ሰዓት ብቻ እሰካዋለሁ፣ «ራን ናው» እላለሁ፣ ሲጨርስ ይነቀላል። ዝም ካላችሁት በየሰዓቱ ነው የሚገለብጠው፤ ከ10 ደቂቃ ጀምሮ እስከ በቀን አንዴ ድረስ ማስተካከል ይቻላል። ቅጂዎቹን ደግሞ ለዘላለም ነው የሚይዘው፣ ዲስኩ ሲሞላ እንዳይቆምባችሁ 1 ዓመት ወይ 2 ዓመት በሉት።

ስለ ዲስኩ ራሱ አንድ ቃል። ገበያው ላይ ላዩ 2 ቴራ የሚል፣ ውስጡ ግን ትንሽ ሜሞሪ የሆነ ዕቃ አለ። ኮምፒውተሩም 2 ቴራ ነው ብሎ ያነበዋል። የምትገለብጡት ነገር ከእውነተኛ መጠኑ ሲያልፍ ዝም ብሎ ይጠፋል። ኤችቱቴስትደብሊው የምትባል ነጻ ፕሮግራም አለች፤ ዲስኩን እስከ ጥግ ሞልታ መልሳ ታነባለች፣ ውሸቱን ታወጣዋለች። ሰዓታት ትፈጃለች። ባክአፕ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሌሊት ስጧት።

«ለምን ኦንላይን አታደርጊውም?» የሚሉኝ አሉ። ዋንድራይቭ በነጻ የሚሰጠው 5 ጊጋ ነው፣ ጉግል 15 ጊጋ። ለአንድ ተማሪ ይበቃል፣ እኔም የግሌን ጥቂት ነገር እዚያ አደርጋለሁ። የስካንና የፎቶ ብዛት ላለው ቤት ግን አይሆንም፤ ለመመለስም ያን ሁሉ በፓኬጅ ማውረድ አለ። ሙሉውን ዲስክ በኢሜጅ፣ ማለትም ከነዊንዶውሱ እንዳለ ቀድተው፣ የሚያስቀምጡም አሉ። ለዚህ ሰው ሁሉ የሚወደው ማክሪየም የሚባለው ሶፍትዌር ነጻው እትም ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ድጋፍ የለውም። ኢሜጅ ኮምፒውተሩን እንደነበረ ለማስነሳት ጥሩ ነው። ግን እንደነበረ ማለት ከነቫይረሱ፣ ከነግሳንግሱ ነው፤ እኔ የሸሸሁት እሱን ነበር።

ለጽሕፈት ቤት፣ ለተማሪ፣ ለመምህር፣ ዎርድና ኤክሴል ለሚበዛበት ሁሉ ከ10 ስምንት እሰጠዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ለቁልፉና ለዚያ ለላይብረሪው ጣጣ ነው።

ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ለምትጠቀሙ ግን ሌላ ነው። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ የሂሳብ ባለሙያ ናት፤ የኔን ሰምታ እሷም ፋይል ሂስትሪ ልታበራ መጣች። ፒችትሪ የድርጅቶቹን ዳታ የሚያስቀምጠው ሲ ላይ በራሱ ፎልደር ውስጥ እንጂ ዶክመንትስ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ፋይል ሂስትሪ አያየውም። ያንን ፎልደር ላይብረሪ ውስጥ ማስገባትም አልመክርም፤ ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ እየሠራ ሳለ የተገለበጠ ዳታቤዝ ግማሹ የጠዋት፣ ግማሹ የከሰዓት ሊሆን ይችላል። ያደረግንላት እንዲህ ነው። ከሥራ ስትወጣ ፒችትሪ ውስጥ ፋይል፣ ከዚያ ባክአፕ ትላለች። የሚወጣውን የፒቲቢ ፋይል ዶክመንትስ ውስጥ «የፒችትሪ ባክአፕ» በሚል ፎልደር፣ በቀኑ ስም ታስቀምጣለች። ከዚያ ዲስኩን ትሰካለች። ነገ ፎርማት ቢመጣ ያንን አንድ ፋይል ብቻ ለቅማ ታወጣና በፒችትሪ ሪስቶር ታደርገዋለች። የድሮ ዳታ በአዲስ እትም ላይ ሲከፈት ስለሚቀየር የፕሮግራሙን መጫኛም እዚያው አጠገቡ አስቀምጪ ብያታለሁ።